ለወገብ ጠንካራ ፍራሽ ይሻላል? አንድ ጥያቄ ያስነሳው ሙግት

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳው በቅርቡ ኮንዶሚኒየም የገባ ልጅ ነው። ጠዋት ሲነሳ ወገቡን ይይዘዋል፤ ቀጥ ብሎ ለመቆም ግድግዳ መደገፍ አለበት። የሚተኛበት ስፖንጅ ሜትር ከሃምሳ ነው፣ መሐሉ ጎድጉዷል። አልጋውን ከነፍራሹ ከሰው ነው የገዛው። አዲስ ፍራሽ ፍለጋ መርካቶ ሲወጣ አንዱ ሻጭ ኦርቶፔዲክ የሚባለውን፣ ሲጫኑት ንቅንቅ የማይለውን አሳየው። ሁለተኛው ከስፕሪንግ ውጪ ያለውን ፍራሽ ፍራሽ ብሎ ሊጠራው አልፈለገም። ሦስተኛው ሜዲካል የሚል ጽሑፍ የተጠለፈበት አወጣለትና ዋጋውን ሲጠራ ልጁ አመስግኖ ወጣ። ቤት ውስጥ ደግሞ እናቱም አጎቱም ለወገብ ደረቅ ነገር ነው የሚበጀው ይሉታል። እውነት ነው ወይ? የቱን ልግዛ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ላሳጥርላችሁ። አንዳንዱ መልስ ሁለት ቃል ነው፣ አንዳንዱ ጋዜጣ ያህላል። ጣልቃ መግባቴ አይቀርም፣ ታገሡኝ።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነው። ልጁን ለቤቱ እንኳን ደስ አለህ ካለ በኋላ አባቱን ጠቀሰ። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተኝተው፣ አንድም ቀን ወገቤን ሳይሉ ነው ያረፉት። ስለዚህ ምክሩ ግልጽ ነው፤ ከሁሉም ጠንካራውን ይግዛ። መልስ 2 ተስማማ፣ እንዲያውም ባሰበት። እሱ እንደሚለው ፍራሽ ራሱ ቅንጦት ነው፣ ምንጣፍ ይበቃል።

መልስ 3 ነገሩን ገለበጠው። የመልስ 1 አባት ሲያርሱና ሲራመዱ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ጠያቂው ደግሞ ከታክሲ ወንበር ተነስቶ ቢሮ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። የአባትየውን ወገብ ያጠነከረው መደቡ ሳይሆን ውሏቸው ቢሆንስ? ጥሩ ነጥብ ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ላይክ የበዛለትም ይኸው መልስ ነው።

መልስ 4 ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ያለች ሴት ናት። ረጅም ነው፣ ግን ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል። ጠንካራ ፍራሽ ግዙ የሚለውን ምክር ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ሲሰጡት እንደኖሩ አልካደችም። ከዚያ በ2003 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የስፔን ጥናት አመጣች። ምክንያቱ በውል የማይታወቅ፣ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች ነበሩ። ለገሚሱ ጠንካራ፣ ለገሚሱ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጣቸው። ማን የቱን እንዳገኘ ተኚዎቹም መርማሪዎቹም አያውቁም። ከ90 ቀን በኋላ ሲታይ፣ ተኝተው ሳሉም ሆነ ሲነሱ ሕመሙ ይበልጥ የቀለላቸው መካከለኛው የደረሳቸው ናቸው። ቀን ሥራቸውንም በተሻለ ሁኔታ ይሠሩ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ነካች። መካከለኛ ማለት ለስላሳ ማለት አይደለም። ጥናቱ የተጠቀመው መለኪያ 1 በጣም ጠንካራ፣ 10 በጣም ለስላሳ ነው። ጠንካራ የተባለው ፍራሽ 2.3 ላይ፣ መካከለኛው 5.6 ላይ ነበር። አሠራሩንም አስረዳች። ሰው በጎኑ ሲተኛ ትከሻውና ዳሌው ትንሽ ገባ ማለት አለባቸው። ያን ጊዜ አከርካሪው ቀጥ ይላል። ድርቅ ያለው ፍራሽ አያስገባቸውም። ልል የሆነው ደግሞ ዳሌውን ይውጠውና ወገቡ ይጎብጣል። በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጨመረች። እግሩ የሚደነዝዝ፣ የሚዝል፣ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ፍራሽ ተራ ሳይሆን ሆስፒታል ነው መሄድ ያለበት።

መልስ 5 ቀልደኛ ነው። መርካቶ ገብቶ 5.6 ስጠኝ ቢል ሻጩ የጫማ ቁጥር መስሎት ወደ ጫማ ተራ እንዳይመራው ሰጋ። መልስ 6 ግን ጥያቄውን ከቁም ነገር ቆጠረው። ቁጥር ሳይጠሩም መለየት ይቻላል። ፍራሹ ላይ በጀርባ ተኝቶ እጅን በወገብ ሥር ማሾለክ ነው። እጅ ያለ ምንም ችግር ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ፍራሹ ደርቋል። ጭራሽ አልገባ ካለ ሰውዬው ሰምጧል። በጎን የሚተኛ ሰው ደግሞ በጎኑ ይሞክር። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው የሚገባው።

መልስ 7 ለእኔ የሁሉም አውራ ነው። ሱቅ ውስጥ ዴንሲቲው 18 ነው፣ 25 ነው፣ 30 ነው እየተባለ የሚጠራ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው የሚከፍልበት። ቁጥሩ የሚናገረው አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። እንግዲህ ሻጩን ከመለማመጥ መመዘን ይቀላል። ሜትር ከሃምሳ በሜትር ከዘጠና፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ይዘቱ 0.57 ሜትር ኩብ ነው። በ25 ሲባዛ 14 ኪሎ ከሩብ ይመጣል። በ30 ከሆነ ወደ 17 ኪሎ ይጠጋል። ሚዛኑ 10 ኪሎ ላይ ከቆመ ግን 25 እየተባለ የተጠራው ፍራሽ 18 እንኳን መሞላቱ ያጠራጥራል። የልባሱ ክብደት ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ትልቅ ሚዛን የለም? የሰው መመዘኛ ላይ መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ ቀጥሎ ፍራሹን አቅፎ መውጣትና ልዩነቱን ማየት ነው። ሻጩ በግርምት ቢያይ ይየው።

ሁሉም አጨበጨበ። መልስ 8 መጣና ጭብጨባውን ቀዝቀዝ አደረገው። አነጋገሩ ሸካራ ነው፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው። አንደኛ፣ ክብደትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። ከባድ ሆኖ ለስላሳ የሆነ ስፖንጅ አለ፤ ቀላል ሆኖ የሚደርቅም አለ። ክብደቱ የሚነግረን በዋናነት ፍራሹ ቶሎ እንደማይጎደጉድ ነው። ሁለተኛ፣ ሚዛንም ይታለላል። ስፖንጁ ሲመረት የጠመኔ ዘር የሆነ ዱቄት ተጨምሮበት ኪሎው ከፍ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ይከብዳል እንጂ ጉልበት የለውም። ሦስተኛ፣ ኦርቶፔዲክ ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ የተፈጨ የስፖንጅ ቁርጥራጭ በማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራ አለ። በጣም ከባድ፣ በጣም ደረቅ ነው። ልባሱ ዚፕ ካለው ከፈት አድርጎ ማየት ነው። ውስጡ አንድ ወጥ ቀለም ሳይሆን ሮዝ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ፍርፋሪ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ሻጩ ዚፑን አልከፍትም ካለም በቂ መልስ ነው።

መልስ 9 ሁለቱንም አመስግኖ፣ ፍራሽ ለመግዛት ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ወጣ።

መልስ 10 ላይ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ሰው ድንገት ብቅ ብሎ ስለ አንድ ቤት ፍራሽ ውዳሴ አዘነበ። ስልክ ቁጥርም አስቀመጠ። መልስ 11 ወዲያው ነቃበት። ከዚህ በፊት ስለ ቴሌቪዥን በተነሳ ወሬ ላይ ያው ሰው ያንኑ ስልክ ለጥፎ እንደነበር አጋለጠና፣ እዚህ ልጽፈው የማልፈልገውን ስድብ አከለበት። መልስ 12 የመድረኩ ተቆጣጣሪ ነው። ስልኩን ሰረዘ፣ ሁለቱንም ገሠጸ።

ደስ የሚለው ሰውዬው አልጠፋም። መልስ 13 እሱ ራሱ ነው፤ ሻጭ መሆኑን አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከተባሉት ጠቃሚ ነገሮች አንዱን ተናገረ። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ ፍራሽ ላይ አይተኛም። ያፍራል። ጫማ አውልቆ፣ ካልሲው ታይቶ፣ ሰው እያየው መጋደም ይከብደዋል። ስለዚህ በመዳፉ ሁለቴ ጫን ጫን ያደርግና ዋጋ ይከራከራል። ባልና ሚስት ከመጡ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። መዳፍ ግን ዳሌ አይደለም፣ ስለ እንቅልፍ የሚነግረው ነገር የለም። ሻጩ እንደሚለው ተኝቶ የሚሞክረውን ሰው ማንም አይስቅበትም፤ እንዲያውም የሚፈራው እንዲህ ያለው ገዢ ነው። ሃፍረቱን እኔም አውቀዋለሁ። በገዛ ገንዘባችን።

መልስ 14 ከዚሁ ተነስታ ላስቲኩን አነሳች። የስንቶቻችን ቤት ነው ፍራሹ ከነላስቲኩ አንሶላ የለበሰው? እንዳይቆሽሽ ይባላል። ላብ መውጫ አጥቶ ፍራሹና አንሶላው መሐል ይቀራል፣ ሌሊት ሲገላበጡ ይንኮሻኮሻል፣ ሰውም ይሞቀዋል። እሷ አማቷ ዘንድ ስትሄድ የምታድረው እንዲህ ያለ ፍራሽ ላይ ነው። ደፍራ ግን አትናገርም። ቀጥላ ስፖንጁን ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ ለሚያነጥፉም ምክር አላት። ሥሩ ወዝቶ ይሻግታል። ቢያንስ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይግባ፣ ጠዋት ጠዋትም ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ይቁም።

መልስ 15 በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚመልስላቸው። ስፖንጅ የሚባል ነገር ከመጣ ወዲህ ነው ወገብ የታመመው ባይ ናቸው። የጥጥ ፍራሽን አወደሱ። ክረምቱ ወጥቶ የመስከረም ፀሐይ ስትወጣ ፍራሽ አዳሹ እየተጣራ ሰፈር ሲገባ፣ እናታቸው አስቁመውት ዋጋ ሲከራከሩ፣ ግቢ ውስጥ ስፌቱ ተተርትሮ የጓጎለው ጥጥ በዱላ ሲነረት፣ አቧራው ጎረቤቱን ሲያስነጥስ፣ አዲስ ጥጥ ተጨምሮ በጆንያ መርፌ ሲሰፋ ሁሉንም ጻፉት። ያን ቀን ማታ መተኛት እንዴት ደስ ይል እንደነበር ሲያወሩ እኔም ለመግዛት ዳድቶኝ ነበር።

መልስ 16 ግን ርኅራኄ የለውም። ጋሼን ይቅርታ ጠይቆ፣ ከጥጡ ጋር አብሮ ይታደስ የነበረውን ትኋን ረስተዋል አላቸው። ከዚህ በኋላ ስለ ወገብ የሚያወራ ጠፋ። ሁሉም ትኋን ውስጥ ገባ። መልስ 17 አሮጌውን ፍራሽ አውጥቶ መጣል እንደሚበቃ ጻፈ። መልስ 18 አረመው፤ ትኋን የሚደበቀው ፍራሹ ስፌት ውስጥ ብቻ አይደለም፣ አልጋው መገጣጠሚያ፣ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥም ነው። ሳይበላ ወራት ስለሚቆይ ፍራሽ ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም። ሙቀት ግን አይችልም፤ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ እንቁላሉም አይተርፍም። ስለዚህ አንሶላና ልባስ በጣም በፈላ ውኃ ይታጠብ። መልስ 19 ነጭ ጋዝ ስፌቱ ላይ ማርከፍከፍን መከረ። እዚህ ላይ መልስ 20 በእውነት ተቆጣ፣ ልክም ነው። ስፖንጅ ማለት ፖሊዩሬቴን ነው። በቀላሉ ይያያዛል፤ ሲነድ ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድና ሲያናይድ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ሻማ አጠገቡ የሚለኮስበት ቤት ውስጥ ጋዝ የጠጣ ስፖንጅ ማንጠፍ ራስን ማቃጠል ነው። መልስ 19 መልሱን አጠፋ።

መልስ 21 ከሜሪላንድ ነው። እዚያ ፍራሽ ተጠቅልሎ በካርቶን ቤት ድረስ እንደሚመጣ፣ 100 ሌሊት ተኝቶበት ያልተስማማው መመለስ የሚችልበት ውል እንዳለ አወራ። ሜሞሪ ፎም የሚባለው፣ የሰውነትን ቅርጽ የሚይዘው ስፖንጅ ካልሆነ እንዳትገዙ ብሎ፣ ናሳ ለጠፈርተኞች መኝታ የሠራው እንደሆነም ጨመረ። መልስ 22 ግማሹን አስተካከለ። ናሳ መሆኑ እውነት ነው፣ በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የተሠራው። ግን ለመኝታ ሳይሆን ለአውሮፕላን ወንበር መደገፊያ ነው፤ አደጋ ሲደርስ ግጭቱን እንዲያበርድ። ሌላም ነገር አለው። ሜሞሪ ፎም በብርድ ይጠነክራል፣ ሰውነት ሲያሞቀው ነው የሚለሰልሰው። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ላይ መጀመሪያ ሲጋደሙበት ድርቅ ይላል፣ አንዴ ከሞቀ ደግሞ ሙቀቱን ይይዛል። ስለ 100 ሌሊቱ ማንም አልተናገረም። ምን ይባላል? እኛ ጋ የተሸጠ አይመለስም።

መልስ 23 አጭር ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ በረንዳ ጥግ ሁለት ጣት በማይሞላ ፍራሽ ላይ ነበር የምታድረው። አገሯ ስትገባ ከቤት ዕቃ ሁሉ አስቀድማ የገዛችው ፍራሽ ነው። ስለ ናሳ የምትከራከሩ ሰዎች ለሠራተኞቻችሁ ያነጠፋችሁትን ሄዳችሁ እዩ የሚል ይዘት ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር አስከትላ ሄደች። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም።

መልስ 24 ነርስ ናት፤ ትንሽ ልጅ ላላቸው ነው የጻፈችው። ለአዋቂ የሚመቸው ለሕፃን አደጋ ነው። ለሕፃን ጠንከር ያለና ዝርግ የሆነ ነገር ላይ፣ በጀርባ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ፊቱ ለስላሳ ስፖንጅ ውስጥ ከተቀበረ ራሱን ማዞር አይችልም።

መልስ 25 ሁላችንንም አስቆመን። ይህን ሁሉ ስናወራ አልጋውን ያየ አለ ወይ? ፍራሹን አንሥቶ ርብራቡን ማየት ምን ያስከፍላል? ከዚያ ፍራሹን ወለል ላይ አድርጎ ጥቂት ሌሊት መተኛት ነው። ወገቡ ከተሻለው ጥፋቱ የአልጋው ነው፣ ካልተሻለው የፍራሹ። ለካ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ይህ ነበር።

ጠያቂው በማግሥቱ በመልስ 26 ተመለሰ። ፍራሹን ሲያነሳው ከመሐል ሁለት ጣውላ ተሰንጥቆ አገኘ፤ መሐል ላይ መኖር የነበረበት አምስተኛ እግርም የለም። የሸጠለት ሰው በድንጋይ ደግፎት ነበር። ድንጋዩ ተንሸራቷል። ግን ፍራሹም ንጹሕ አይደለም፤ ወለል ላይ ሲያነጥፈው ጉድጓዱ እንዳለ ነው። ስለዚህ አናጺ ጠርቶ ርብራቡን አስጠገነ፣ ጣውላዎቹንም አቀራረበ፤ ፍራሹንም ለመቀየር ወሰነ። ለሚዛን ብሎ የጓደኛውን የሰው መመዘኛ ተውሷል። ሱቅ ውስጥ በጎኑ እንደሚተኛም ቃል ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው። መልስ 27 ባሏ ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ወደ እሱ እየተንከባለለች እንደምትነጋ ጻፈች። መልስ 28 ከፍራንክፈርት ነው፤ ጀርመኖች አንድ አልጋ ላይ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ማድረጋቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውንም መለያየታቸውን ነገራት። ለየራስ የሚስማማ ጥንካሬ ይመረጣል፣ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው አይነቃም። መልስ 29 ላይ ጋሼ ተመልሰው ይህ የፍቺ መጀመሪያ ነው አሉ። እሷ ግን ዋጋውን ጠየቀች።

መጨረሻ ላይ ጉዳዩ ደረጃ ሆነ። ልጁ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ ሊፍት የለም። መልስ 30 ስፖንጅ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሮ እንደሚወጣ፣ ስፕሪንግ ግን ካጠፉት ሽቦው እንደሚበላሽ አስጠነቀቀ። መልስ 31 የእሱን ስፕሪንግ በበረንዳ በገመድ ሲጎትቱ ሁለተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤት ዲሽ ላይ ተሰቅሎ እንደቀረና ከሰውዬው ጋር እስከ ዛሬ ሰላም እንደማይባባሉ አጫወተን። መልስ 32 ከተሸካሚዎቹ ጋር ዋጋው እስከ ግቢ በር ነው ወይስ እስከ ቤት የሚለውን አስቀድሞ መነጋገር እንደሚያስፈልግ ነገረው፤ በየፎቁ ነውና የሚያስከፍሉት። አሁን ጭቅጭቁ ግራውንዱ እንደ አንድ ፎቅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ ነው። እኔ እስካየሁት ይቆጠራል ባዮቹ ሦስት ለሁለት እየመሩ ነው።